የሚፈታበት ቦታ

ሙቀት የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ በከንቱ ነው የምናባክነው። ሚያዝያ ላይ ሸሚዝ ከጀርባችን ጋር ትንሽ ከተጣበቀ «ዛሬስ አለቅን!» እንላለን። ማለቅ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ከጎንደር ተነስቶ፣ አዘዞን አልፎ፣ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ ቁልቁል ይውረድ። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ትዕግሥት። ገንደ ውሃ ሲደረስ የመኪናውን መስኮት መክፈትና መዝጋት ልዩነት የለውም፤ ከውጭ የሚገባው አየር ከውስጡ የባሰ ነውና። ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት በምትተያየው በመተማ ዮሐንስ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ቢያልፍ ማንም አይደነቅም።

እዚያ አገር ሰው የሚለብሰውም የሚያወልቀውም በምክንያት ነው። ከድንበሩ ማዶም ከወዲህም ነፋስ የሚያስገባ ሰፊ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች ታያላችሁ። ሰሊጥ ሊያጭድ፣ ጥጥ ሊለቅም ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ፀሐይዋ ስትበረታ ሸሚዙን አውልቆ ጭንቅላቱ ላይ ይጠመጥማል። ማታ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተኛት ምጣድ ላይ እንደመተኛት ስለሆነ አልጋው ደጅ ይወጣል፤ ግቢው ባለቤት ተከራይ ሳይል ከሰማይ ሥር በአንድነት ያድራል። ሰፊ ልብስ፣ የሚወልቅ ሸሚዝ፣ ደጅ የሚወጣ አልጋ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልን፣ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ሙቀት ውስጥ ደረቱን በጨርቅ አጥብቆ አስሮ ስለሚውል ሰው ነው።

* * *

ሰውየው ጓደኛችን ነው። «እኛ» የምንለው ሁለት ሴቶች ነን፤ አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምራ የምትጽፍ፣ ሌላችን ገንደ ውሃ ተቀጥራ የምትሠራ። ዘጠነኛ ክፍል ሦስታችንም አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን እንቀመጥ ነበር። ያኔ ስም ሲጠራ እሱ «አቤት» የሚለው በሴት ስም ነው፤ ዩኒፎርሙም ቀሚስ ነበር። ያ ስም ዛሬ የለም። ያ ቀሚስም የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን የሚያውቀው በወንድነት ነው፤ ዛሬ ማንም በማያውቀው ከተማ፣ በወንድ ስም፣ በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ኩንታል እያስመዘነ ይኖራል።

እንዲህ ያለውን ሰው ትራንስጀንደር ይሉታል፤ ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ ራሱን ግን ወንድ መሆኑን የሚያውቅና እንደዚያው የሚኖር ሰው ማለት ነው። በአማርኛ ጨዋ ቃል ብንፈልግለት ያገኘነው ስድብ ብቻ ነው። እሱ ግን «ምን ቃል ያስፈልገኛል? በስሜ ጥሩኝ፣ በቃ» ይላል። እኛም እንደዚያው እናደርጋለን። እዚህ ላይ ግን ስሙንም፣ ያደገበትንም፣ የሚሠራበትን ከተማም አንጽፍም። ምዕራብ ጎንደር ሰፊ ነው፤ አንዱ ቦታ ላይ አለ።

እስካሁን ካነበባችሁት ውስጥ ገሚሶቻችሁ «ይሄ የኛ ባህል አይደለም» ለማለት አፋችሁን እንዳሟሻችሁ እናውቃለን። በአክብሮት የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያንን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የምናወራው ስለ ሳንባ ነው። ሳንባ ደግሞ የኛም የእነሱም ባህል ነው።

ለነገሩ ጆሯችን እንዲህ ያለ ታሪክ ጨርሶ አልሰማም ማለትም አይቻልም። ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው እንባ መሪናን ያውቃታል፤ በወንድ ልብስ ገዳም የገባችውን፣ ከሴት ልጅ ወልደሃል ተብላ በሐሰት ስትከሰስ እንኳ ምስጢሯን ሳታወጣ ሕፃኑን ያሳደገችውን። ሴት መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ፣ ሊገንዟት ሲሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን በቅድስትነት ታስባታለች፤ እኛም ሌላ ትርጉም አንጨምርባትም። ሰውነቱን ደብቆ የሚኖር ሰው ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ግን ከዚያ ታሪክ በላይ የሚነግረን የለም።

* * *

አሁን ወደ ጨርቁ።

ጓደኛችን ማሰር የጀመረው በነጠላ ቁራጭ ነው። ከዚያ ወደ ላስቲክ ፋሻ «አደገ»፤ ለወለምታ የሚጠመጠመው፣ ማንኛውም መድኃኒት ቤት የሚሸጠው። ሦስተኛውን ጥቅል ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ «እግርህ ገና አልዳነም እንዴ?» አለው። «እየተመላለሰ አስቸገረኝ» ብሎ ወጣ። ይህን ሲነግረን ሦስታችንም ከልባችን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እጁ ሳያስበው ወደ ጎኑ ሄዶ፣ የጎድን አጥንቱን ደግፎ እንደያዘ አየን። ሲስቅ ያመዋል ማለት ነው።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ፋሻው የተሠራው ለቁርጭምጭሚት ነው፤ ቁርጭምጭሚት ደግሞ አይተነፍስም። ደረት ግን ሰው አርፎ በተቀመጠበት እንኳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይሰፋል፣ ይጠባል። አየር ስንስብ ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ በ12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ደረትን ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፍቱታል። ላስቲክ ፋሻ ይህን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ስንቀመጥ ስንነሳ ደግሞ እየተንሸራተተ፣ እንደ ገመድ እየተጠቀለለ፣ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል። ደረት የሚሰፋበት ሲያጣ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ይሆናል፤ የሳንባው ታችኛው ክፍል በደንብ አየር አያገኝም፤ ጉንፋን ሲይዝ አክታው አልወጣ ይላል።

ይህ የአንድ ሰው ብሶት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሣራ ፒትዝማየር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከ38 አገሮች የመጡ፣ ደረታቸውን የሚያስሩ 1,800 ሰዎችን የጠየቁበትን ጥናት አሳትመው ነበር። ከመቶ 97 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንደገጠማቸው ተናገሩ። ከግማሽ የሚበልጡት የጀርባ ሕመም፣ ከግማሽ የሚበልጡት የሰውነት መጋል፣ ግማሽ የሚጠጉት የደረት ሕመም፣ ግማሽ የሚጠጉት የትንፋሽ ማጠር፤ ከዚያ ማሳከክ፣ መጉበጥ፣ የትከሻ ሕመም እያለ ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ ከችግሮቹ ሁለተኛው የሰውነት መጋል ነው። ከተጠየቁት ውስጥ መተማ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ አንደኛ ያወጣው ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

«ታዲያ ለምን አይፈታውም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱም ያው ጥናት ውስጥ አለ። ሰዎቹ ሕመሙን በቆጠሩበት አፋቸው ሲታሰሩ ጭንቀታቸው እንደሚቀንስ፣ ቀና ብለው ሰው ፊት መቆም እንደሚችሉ፣ በራስ መተማመናቸው እንደሚጨምር ተናግረዋል። ጓደኛችን ደግሞ ጥናት ሳይጠቅስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ «ሳልታሰር ከቤት ስወጣ ነው ትንፋሽ የሚያጥረኝ» ይላል። ስለዚህ ፍታው ማለት ምክር አይደለም። ከሁለት አንዱን እስትንፋስ ምረጥ ማለት ነው።

* * *

ምክር ግን አለ። ለዓመታት በደረታቸው የተማሩ ሰዎችና የሚከታተሏቸው ሐኪሞች የሚሉት ነገር በአብዛኛው ይመሳሰላል። ላስቲክ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ስኮችና ፌስታል ደረት ላይ አይጠመጠምም፤ ፈጽሞ። ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ማሰሪያ ባለበት አገር፣ በልክ የሆነውን እንጂ አንድ ቁጥር ያነሰውን አትግዙ። በሌለበት አገር የሚጠብቅ የስፖርት ጡት መያዣ አንድ ብቻ፣ ከላዩ ሁለት ቲሸርት፣ ከላዩ ሰፋ ያለ ጠቆር ያለ ሸሚዝ። ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ፣ መሳቅ፣ ማሳል ካልተቻለ ጠብቋል። በቀን ከ8 ሰዓት አይለፍ፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ይነስ። ታስሮ መሮጥ፣ ከባድ ሸክም መሸከም፣ መተኛት የለም። አስም ያለበት ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ይተወው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይኑር፤ ያው ጥናት በሳምንት ብዙ ቀን የሚያስሩት የባሰ እንደሚታመሙ አሳይቷል። ሲፈታ ደግሞ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ ማሳል፤ ቆዳውን አጥቦ ማድረቅ።

መልካም ምክር ነው። ይህን ምክር ይዘን ግን መተማ እንውረድና አንድ በአንድ እንሞክረው።

ከ8 ሰዓት በላይ አትሰር። በአጨዳ ወቅት መጋዘኑ የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የሚዘጋው የመጨረሻው መኪና ሲራገፍ። ታስረህ ሸክም አትሸከም። ሚዛን ላይ ኩንታል ሲወጣ የማያግዝ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ታስረህ አትተኛ። እዚህ ላይ ያ ያዙልን ያልነው አልጋ ይመጣል። ጓደኛችን ከአራት ሠራተኞች ጋር በተከራየው ግቢ ሌሊቱን ሁሉም ደጅ ነው፤ ጨረቃ ስትወጣ ደግሞ ቀን ይመስላል። ሌሎቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ። እሱ በቲሸርት፣ በላዩ አንሶላ፣ ከሥሩ ፋሻ። ሃያ አራት ሰዓት። የሳምንት ዕረፍት ይኑርህ። እሁድ ሥራ የለም፣ ግን ግቢው በሰው ይሞላል፤ ልብስ ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል፣ ካርታ ይመታል።

ምክሩ የተጻፈው በር ያለው ክፍል ላለው ሰው ነው። የጓደኛችን ሕመም ግማሹ ከጨርቁ ነው፤ ግማሹ ግን የሚፈታበት ቦታ ከማጣቱ ነው።

ለምን ሸሚዝህን አታወልቅም ሲሉት የሚሰጠው መልስ ዝግጁ ነው፤ «በልጅነቴ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኝ ደረቴ ጠባሳ ነው፣ አያምርም።» ሰው አዝኖለት ዝም ይላል። ይህን ስንሰማ ቢሊ ቲፕተን የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ትዝ አለን። ቲፕተን ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ ለአሥርት ዓመታት ግን በወንድነት የኖረ ሰው ነው። ደረቱን ለምን እንደሚያስር አብረውት ለኖሩ ሴቶች የሚነግራቸው የመኪና አደጋ ደርሶብኝ የጎድን አጥንቴ ተጎድቷል እያለ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ከተማ ሲታመም ሐኪም እንዳይጠራ አሻፈረኝ አለ። የገደለው የጨጓራ ቁስል ነው፤ በጊዜ ቢታይ የሚታከም። አሳዳጊ አባት የሆነላቸው ልጆቹ ምስጢሩን ያወቁት እሱ ሲሞት ነው። ቲፕተንን ማሰሪያው አልገደለውም። ማሰሪያውን ሐኪም እንዳያይበት መፍራቱ ግን ከሐኪም አራቀው።

* * *

ይህ ሩቅ አገር ያለ ታሪክ መስሎን ነበር፤ ጥቅምት ላይ ስልክ እስኪደወል።

ጥቅምት በመተማ ሁለት ነገር በአንድ ላይ የሚደርስበት ወር ነው፤ ሰሊጡና ወባው። ጓደኛችን በስልክ የሚያወራው እየተቆራረጠ ነው። ኔትወርኩ መስሎን «አይሰማም፣ ድገመው» አልነው። ኔትወርኩ አልነበረም፤ ትንፋሹ ነው የሚቆራረጠው። ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ፋሻው ነው፣ ትንሽ ሳላላው ይለቀኛል» አለን። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ደረስን። ራኩባ ሥር፣ በዚያ ሙቀት፣ ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል።

«እንሂድ።»

«አልሄድም። ሸሚዝ ክፈት ይሉኛል።»

«ብትሞትስ?»

«ብሞት ያው ይከፍቱታል» አለ። ቀልዱ አላሳቀንም።

ወስደነዋል፣ ያው እየጎተትን። የመጀመሪያው ክሊኒክ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ ሌሎች ሦስት ታካሚዎች በተቀመጡበት፣ መጋረጃ በሌለበት ክፍል «ሸሚዝህን ክፈትና ተኛ» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ለሁሉም የሚለውን ነው ያለው። ጓደኛችን ግን «ራሴን ብቻ ነው ያመመኝ» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ከኋላው ስንደርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ሞከርን። በዚህኛው እሱ ፈቅዶልን እኛ ቀደምን። አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሲስተርን ለብቻዋ አግኝተን «ወንድማችን ትኩሳት አለው፣ ትንፋሽም አጥሮታል፣ ደረቱ ላይ ማሰሪያ አለ፣ ሰው ፊት ማውለቅ አይፈልግም» አልናት። ትንሽ ዝም ብላ አየችን። ከዚያ «ለወባ የምፈልገው ጣቱን ነው» አለች።

እውነቷን ነው! የወባ ምርመራ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ልብስ አያስወልቅም። ሦስት ቀን ሙሉ የፈራው ነገር ለዚያ ምርመራ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ደሙ ተወሰደ፤ ወባ ሆኖ ተገኘ። ሳንባውን ለማዳመጥ ደግሞ መጋረጃ ሳበች፣ ፋሻውን ራሱ ዞር ብሎ እንዲፈታ ጊዜ ሰጠችው፣ ከጀርባው በኩል በስስ ካናቴራው ላይ አዳመጠችው፣ ትንፋሹን በሰዓቷ ቆጠረች። ሲወጣ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስኪሻልህ ድረስ ይሄን ነገር አትሰር፣ ከዳንክም በኋላ ሌላ ነገር ፈልግ፤ ይሄ ለእግር ነው።» ለምን ብላ አልጠየቀችም። መድኃኒቱን ተቀብሎ ወጣ።

ያን ቀን የተማርነው አንድ ነገር አለ። ማሰር ከሚያመጣው ጉዳት ይልቅ የሚያስፈራው፣ ማሰር ለሌላው በሽታ መሸፈኛ ሲሆን ነው። ትንፋሽ ሲያጥር «ፋሻው ነው» ይባላል፤ ወባ ይሆናል፣ የሳንባ ምች ይሆናል። ሳል ሁለት ሳምንት ሲያልፍ «ጠብቆብኝ ነው» ይባላል፤ ቲቢ ይሆናል። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎ ሰውነት ሲከሳ «ሙቀቱ ነው» ይባላል፤ በመተማና በሑመራ ቆላ ካላዛር የሚባል ገዳይ በሽታ መኖሩ ይረሳል። ፋሻው ከተፈታ በኋላ በግማሽ ሰዓት ያልለቀቀ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ ራስን መሳት፣ ወይም በሙቀት መሃል መቀባዠር ካለ ጥፋተኛውን ለመለየት ቁጭ አይባልም፤ ሰው ተሸክሞ መሄድ ነው።

* * *

ጓደኛችን ፈሪ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን መሠረት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ያስቀጣል። ስለ ደረት ማሰሪያ አንድም ቃል የለውም፤ ሸሚዝ ስለ መክፈትም የለውም። ግን ፍርሃት አንቀጽ ለይቶ አያነብም። ነሐሴ 2015 ላይ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን ሲያስታውቅ፣ ከአዲስ አበባ ይህን ሁሉ ርቀት ወርዶ የሚኖረው ጓደኛችን ለሁለት ሳምንት ስልኩን አጥፍቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ማንነት ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል፤ መጋዘን ውስጥ ግን የዓለም ጤና ድርጅትን የሚያነብ የለም።

ፍርሃቱም የመተማ ብቻ አይደለም። በዚያው የ1,800 ሰዎች ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጽሑፍ፣ ከመቶ 82 የሚሆኑት ስለ ማሰሪያው ከሐኪም ጋር መነጋገር መቻል አስፈላጊ ነው ብለዋል። ታመው ወደ ሐኪም የሄዱት ግን ከመቶ 15 አይሞሉም። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሀብታም አገር የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም የጤና መድን ያላቸው ናቸው። በር ያንኳኩትም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልተከፈተላቸውም። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ይኖር የነበረው ሮበርት ኢድስ የተባለ ትራንስጀንደር ወንድ የማሕፀን እንቁላል ካንሰር ይዞት ከሃያ በላይ ሐኪሞች አናክምህም ብለውታል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሞተ። የመጨረሻ ዓመቱን የሚያሳየው ዘጋቢ ፊልም በ2001 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ሽልማቱ ለፊልሙ ነው እንግዲህ።

* * *

ከወባው በኋላ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተደራደርን። ድርድር ያልነው በምክንያት ነው፤ እሱ ጨርሶ እንዲተው አልጠየቅነውም፣ እሱም «እንደ ድሮው ልቀጥል» አላለም።

መጀመሪያ የሄደው ፋሻው ነው። በምትኩ ከጎንደር ሁለት የስፖርት ጡት መያዣ ገዝተን ላክንለት፤ እየተፈራረቁ የሚታጠቡ። የሱቁ ልጅ «ለማናችሁ ነው?» ሲል «ለሁለታችንም» አልነው፤ ልካችን ግን እንደማይመስል ፊቱ ላይ አየን። ቀጥሎ ጀለቢያው መጣ። እሱ ራሱ ነው ያመጣው ሐሳብ። በሌላ ከተማ ጀለቢያ የለበሰ ወጣት ሰው ዞሮ ያየዋል፤ መተማ ውስጥ ማንም አያየውም። ሰፊ ልብስ ሲለበስ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ አያስፈልግም፤ ከሥሩ አንድ ካናቴራ የሚበቃባቸው ቀናት ተገኙ። የአገሩ ልብስ ለአገሩ ሙቀት የተሠራ ነው፤ ሳያስበው ለጓደኛችንም ሆነ።

ትልቁ ነገር ግን ክፍሉ ነው። ከአራቱ ሠራተኞች ተለይቶ ጠባብ፣ በር ያላት፣ መቀርቀሪያ ያላት ክፍል ተከራየ። ኪራዩ ከደሞዙ ትልቁን ድርሻ ይበላል። ውስጧ እሳት ናት፤ ቬንቲሌተር ገዛ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንሶላ ውሃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ይሰቅላል። ሌሎቹ ደጅ በነፋስ ሲተኙ እሱ በላብ ይተኛል፤ ግን ፈትቶ። «እንዴት ነው?» ስንለው «ይሞቃል፣ ግን እስከ ሆዴ ድረስ ነው የምተነፍሰው» አለን። እሁድ እሁድ ሲችል ገንደ ውሃ ይመጣል። ከሁለታችን አንዷ የተከራየችው ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይኖር፣ ከርከዴ እየጠጣ ቀኑን ሙሉ በካናቴራ ይውላል። ምንም አንሠራም። ፊልም እናያለን፣ ሰው እናማለን። በወር ውስጥ የተሻለ መድኃኒት የወሰደበት ቀን የለም ብንል አላጋነንም።

ችግሩ አልቋል አንልም። በአጨዳ ወቅት አሁንም ከ8 ሰዓት ያልፋል። ኩንታል አሁንም ያነሳል፤ በመሃል ሽንት ቤት እየገባ ያላላዋል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ጀርባው ሲጎብጥ ስናይ «ቀና በል!» እንለዋለን፤ «እናቴን መሰላችሁኝ» ይለናል። እናቱን ካያት ስንት ጊዜ እንደሆነው የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ፈቅዶ ነው የወጣው። አንድ አንቀጽ አስወጥቶናል፤ ስለ እናቱ የሚያወራውን።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ የጻፍነው ከናንተ ምን ፈልገን ነው? ትልቅ ነገር አይደለም። በመካከላችሁ ጤና ሳይንስ የምትማሩ፣ ሕክምና የጨረሳችሁ፣ ዘንድሮ ወይም ከርሞ ለሥራ ወደ አንዱ ቆላ የምትመደቡ አላችሁ። በሙቀት ጊዜ ብዙ ልብስ ደርቦ የመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል፣ ሸሚዝ ክፈት ሲሉት ወደ በሩ የሚያይ ሰው ሲገጥማችሁ ስለሱ ያላችሁን አቋም መቀየር አይጠበቅባችሁም። መጋረጃ ካለ ሳቡት። ከሌለ ሌሎቹን ለአምስት ደቂቃ ወደ ውጭ አስወጧቸው። ከዚያ «በልብስህ ላይ ላዳምጥህ ወይስ ትፈታዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ጠብቁ።